አስተርጓሚ ያጣ ዊንች

መጀመሪያ ስለ ጉድጓዱ ልንገራችሁ። መስቃን ውስጥ፣ ከቡታጅራ በባጃጅ ወጣ ብሎ፣ ጋሽ ሰይዶ የሚባሉ የበርበሬ ገበሬ አሉ። ጓሯቸው ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ሁለት የመብራት እንጨት ብትቀጣጥሉ ወለሉን ይነካ አይነካ እንጃ። አፉ ሰፊ ነው፣ አፈሩ ልቅ። ባለፈው ጋሽ ሰይዶ ጠርዙ ላይ ቆመው ዊንቹን በቁልፍ ሲያዙ የቆሙበት ተናደና አንድ እግራቸው ገባ። ልጃቸው ጠይባ በጋቢያቸው ጎትታ ነው ያወጣቻቸው። አንድ ጫማቸው እዛው ቀረ።

ዊንች ማለት ካቦ፣ ማለትም የብረት ገመድ፣ የሚጠቀልልና የሚፈታ ሞተር ነው። አፉ ላይ በተጋደሙ ሁለት ወፍራም ባህር ዛፎች ላይ ታስሯል። ግንዶቹ ረጅም ስለሆኑ ጫፋቸው ጠንካራው መሬት ላይ ነው ያረፈው። ጠርዙ ቢናድ ዊንቹ አይወድቅም። የሚወድቀው ሰው ነው።

የጋሽ ሰይዶ ትልቁ ልጅ ሙስተፋ መርካቶ ጫማ ይነግዳል። የአባቱን ነገር ሲሰማ ሱቃችን ደወለ። ሱቃችን ስል የሳላሀዲን ነው፤ ቡታጅራ መናኸሪያው ጋ ሞባይል እንጠግናለን። እኔ ምንተስኖት እባላለሁ፣ ምንቴ ይሉኛል። ስምንተኛ ክፍልን ደጋግሜ ገጥሜው በዝረራ አሸንፎኛል።

"አባቴ ከጠርዙ ርቆ በስልክ የሚያዘው አድርጉልኝ" አለ ሙስተፋ። "ለአረፋ እመጣለሁ። በማግስቱ ሰማን ወርዶ ደለሉን ይጠርጋል። ችግኙ እየጠወለገ ነው።"

ሰማን የሰፈሩ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ካወሩት ሁሉ ግማሹን የማያምን፣ ሌላውን ግማሽ የማይሰማ ሰው።

ሳላ ሥራውን ተቀበለ፣ እኔ የመበየጃ ካውያውን አጋልኩ። ነገሩ ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ብሉቱዝ አለች፣ ከስልክ ትሰማለች። አንድ ቦርድ አለ፣ ዊንቹን ያዛል። በመሃላቸው አንዲት ሽቦ ናት፤ ትዕዛዙ 'አዎ' 'አይ' እየሆነ በሷ ላይ ቀስ ብሎ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ ያልፋል፣ ልክ የታክሲ ሰልፍ። ሽቦዋን ላገናኝ ስል ሳላ እጄን ያዘኝ።

"ቆይ። እነዚህ አይግባቡም።"

"ተጣልተው ነው?"

"ብሉቱዟ 'አዎ' ስትል ሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት ነው የምትልከው። ቦርዱ የለመደው አምስት ነው። በጣም ዝቅ ያለውን 'አይ' ብሎ ይወስደዋል፣ ከፍ ያለውን 'አዎ' ብሎ። መሃል ላይ የመጣውን ግን እንደ ሙዱ ነው። በመሃላቸው ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ነገር ይገባል። ሌቭል ሺፍተር ነው የሚባለው። የጥፍር ታህል።"

"አስተርጓሚ በለኛ።"

"አስተርጓሚ በለው። እኛ ጋ የለም። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።"

የአረፋ ሰሞን ነው እንግዲህ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ነው የሚመጣው፣ ለጥፍር የሚሆን ቦታ የለም። እኔ ደግሞ ካነጋገራችሁኝ፣ አረፋ ማግስት ጋሽ ሰይዶ ቤት ሄጄ ሥጋ ልበላ፣ በስልክ ዊንች ላስኬድና ሰው ላስደንቅ ቸኩያለሁ። "እስቲ ያለሱ እንሞክረው" አልኩ። አንድ ያረጀ ቻርጀር ሰካሁ፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ሲሰራ እንደ ዳቦ የሚሞቅ። ስልኩን ነካሁ፤ ቦርዱ ቀጭ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጠዋት፣ ከሰዓት። አንድም ጊዜ አልሳተም። ሳላ የብሉቱዟን ሽቦ በቴስተር ለካ፤ ሦስት ነጥብ ሦስት። የቻርጀሩን ግን አልለካውም። ላዩ ላይ አምስት ተብሎ የተጻፈበትን ማን ይለካል።

የኛ ሱቅ ሕግ አንድ ነው፤ ከሰራ ሰራ። ሳላ ትንሽ አጉረመረመና ለአረፋ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ።

የአረፋ ማግስት ቦርዱንና ብሉቱዟን ያስገባሁበትን ሳጥን በፌስታል ይዤ ደረስኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ከአዲስ አበባ የገቡ ዘመዶች እንሰቱ ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተዋል፣ ሥጋው አለ፣ ቆጮው አለ።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አልኩ፣ እኔ ክርስቲያኑ።

"ወዓለይኩም ሰላም። መጣ የስልኩ ጂኒ" አሉ ጋሽ ሰይዶ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ሁሉን ነገር ጮክ ብለው ነው የሚሉት። "ብላ መጀመሪያ። የራበው ሰው ሽቦ ያሳስታል።"

በላሁ። ከዛ ሳጥኑን ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ያለ አቮካዶ ዛፍ ላይ ሰቀልኩት፣ ለዊንቹም ለቻርጀሩም መብራት የሚሰጠው ጄኔሬተር አጠገብ። ዊንቹ ጋ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ አገናኘሁ፤ የድሮውን የቁልፍ ማዘዣ ለዚህ ብዬ ቆርጬዋለሁ። ልክ ቻርጀሬን ልሰካ ስል ሙስተፋ አየው።

"በዚህ ቆሻሻ ነው የአባቴን ዊንች የምታስነሳው?"

"ይሰራል ሙስቴ።"

"አስቀምጠው። ይሄን ነው ያመጣሁለት።" ከሻንጣው አዲስ ቻርጀር አወጣ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አራት አፍ ያለው። "ኦርጅናል ነው።"

አረፋ ላይ ልጅ ከአዲስ አበባ ለአባቱ ያመጣውን ነገር 'አይሆንም' ማለት በዚህ አገር አይታሰብም። ደግሞ ማነው ጥሩ ነገር ሲሰጠው አሮጌው ይሻላል የሚል? ሰካሁት። አሮጌውን አንዲት ዘመዳቸው "ለኔ ስጡኝ" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ባጃጅ ይዛ ወደ ቡታጅራ ሄደች።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ባዶውን ጎማ ካቦው ላይ አንጠለጠልነው። ሰማን ሊቀመጥበት ነው የተዘጋጀው። ስልኩ ላይ 'ታች' የሚለውን ነካሁ። ምንም። ደግሜ ነካሁ። ምንም። ሦስተኛው ላይ ዊንቹ ጓ ብሎ ወረደ። 'ቁም' ስለው ወዲያው ቆመ። 'ላይ' ስለው ግን ደግሞ ሁለቴ አስነካኝ።

ሳጥኑን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ግን ሰው እያየኝ ነው። "ስክሪኑ ቅባት ነክቶት ነው፣ ሥጋ በልቼ" አልኩና ስልኩን በሱሪዬ ወለወልኩ።

ሰማን ቅባቱን አላመነም። "እኔ አልወርድም" አለ።

"ለምን?"

"ሦስቴ ለምነኸው ነው የሰማህ። እኔ ታች ሆኜ ሦስቴ ልለምነው?"

"ፈርቶ ነው" አልኩ ለሕዝቡ። "ስልክ የሚፈራ ጉድጓድ ቆፋሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

ሳቁ። ሰማን አልሳቀም። "ካልፈራህ አንተ ውረድበታ።"

ይሄኔ ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። ጠይባ እንኳን አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። እኔ ደግሞ ጠይባ ስትስቅብኝ አልወድም፤ አብራኝ ስትስቅ ነው የምወደው። ስልኩን ለሙስተፋ ሰጠሁት። "ቀላል ነው። አንዴ ስትነካው ይሄዳል፣ 'ቁም' እስክትለው ድረስ አይቆምም። ትንሽ ወርጄ እመለሳለሁ።"

ጠይባ ቀላል ስለሆነች ግንዶቹ ላይ በሆዷ ተኝታ ወደ ታች እንድታይ፣ በሻሿ ለሙስተፋ ምልክት እንድትሰጥ ተስማማን። ጋሽ ሰይዶ "ተው ልጄ፣ ቀልድ አታብዛ" አሉ። ሰማን ሄዶ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቁጭ አለ።

ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ሥር መሬቱ አለቀ።

መጀመሪያ ላይ እየዘፈንኩ ነበር፣ አልዋሽም። ከዛ አየሩ ቀዘቀዘ። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ በተርታ የወጡ የተክል ሥሮች ፊቴን ይነኩኛል፣ የሰው ጣት ይመስላሉ። ቀና ስል ሰማዩ ምጣድ አክሏል። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ሰሀን አክሏል። ዘፈኑን ተውኩት።

"ጠይባ፣ በቃ። ቁም በይው።"

ሻሿን ስታውለበልብ አየሁ። ጎማው አልቆመም።

"ቁም በይው እኮ ነው የምልሽ።"

"ብዬዋለሁ። እየነካው ነው።"

እየወረድኩ ነው። ከታች የውሃ ሽታ መጣ፣ የተዘጋ የቆየ ሽታ። ጫማዬ ነካው። ከዛ ጉልበቴን። ከዛ እንደ ቢላ ወገቤን። ከጎማው ላይ ተንሸራተትኩና ቆምኩ ብዬ ሳስብ አልቆምኩም፣ እግሬ ደለሉ ውስጥ ገባ። ውሃው ደረቴ ላይ ደርሶ ነው የቆመው። ዊንቹ ግን አላቆመም። ካቦው ከላይ እየመጣ ትከሻዬ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ ክንዴ ላይ ይጠመጠማል። ቀዝቃዛ፣ ግሪስ የነካው፣ የእባብ ልጅ ነው የሚመስለው። እጮሃለሁ፣ ጩኸቴ ራሴው ላይ ተመልሶ ይወድቃል።

ድንገት ጸጥ አለ። ሰማን ጄኔሬተሩን አጥፍቶታል።

ጸጥታው ደግሞ የባሰ ነው። ውሃ ይንጠባጠባል። የራሴን ጥርስ እሰማለሁ።

"ምንቴ፣ አለህ?" ጠይባ ናት። ጭንቅላቷ ዝንብ ያህላል።

"አለሁ። አውጡኝ።"

"ገመድ እያመጡ ነው።"

ላይ ግርግር ሰማሁ። ከዛ የሰማዩ ሰሀን ጎን ላይ ጭንቅላቶች ብቅ አሉ፣ ጎበዞቹ ዘመዶች ገመድ ይዘው። ልክ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ከላይ ዷ የሚል ድምፅ መጣ። ምን እንደሆነ ከማወቄ በፊት ጆሮዬ አጠገብ የምንጣፍ ስፋት ያለው አፈር ውሃውን መታው። ውሃው አፌ ውስጥ ገባ። ሁለተኛ ጓል ትከሻዬን ጨረፈኝ።

"ተመለሱ። ከዚህ ዘወር በሉ" የሚል የጋሽ ሰይዶ ድምፅ ሰማሁ፣ በትራቸው የሰው ጀርባ ሲመታም ሰማሁ። "ልትቀብሩት ነው እንዴ?"

ያኔ ነው የገባኝ። ገመድ የሚጎትት ሰው ጠርዙ ላይ መቆም አለበት። ጠርዙ ላይ ከቆመ ጠርዙ እኔ ላይ ይመጣል። ከዚህ የሚያወጣኝ ዊንቹ ብቻ ነው። ዊንቹ ደግሞ አይሰማም።

እግሬን ከደለሉ ላውጣ ስል ሌላው የባሰ ይገባል። አንድ ነገር ተረከዜን ነካኝ። የጋሽ ሰይዶ ጫማ መሆን አለበት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሌላ ነገር ነው ብዬ ካሰብኩ እብድ ነኝ።

እኔ ማሰብ ሥራዬ አይደለም። እዛ ውስጥ ግን ሌላ ሥራ የለም። ሱቅ ውስጥ አንድም ጊዜ አልሳተም። እዚህ ገና ሲነሳ ጀምሮ ሳተ። ያው ስልክ፣ ያው ብሉቱዝ፣ ያው ቦርድ፣ ያው ሽቦ። የተቀየረው ምንድነው? የተቀየረው ቻርጀሩ ነው። ግን የተቀየረው በጥሩ ነው። ጥሩ እንዴት ያበላሻል?

የኛ ቻርጀር አሮጌ ነው፣ ደካማ። አምስት ይላል እንጂ ምናልባት አራት ምናምን ነው የሚሰጠው። ቦርዱ ደግሞ 'አዎ' የሚለው ከሚበላው አንጻር ነው። ትንሽ ሲበላ በትንሽ ይስማማል፤ የብሉቱዟ ሦስት ነጥብ ሦስት ይበቃዋል። አሁን የሙስተፋ ኦርጅናል ጠግቦ እስኪተፋ አበላው። የጠገበ ቦርድ ሦስት ነጥብ ሦስትን ከቁብ አይቆጥርም። እና እኔ የጠገበ ቦርድ ሥር ነኝ።

"ጠይባ። አሮጌው ቻርጀር የታለ?"

ዞራ ጠየቀች። "ያቺ ዘመዳችን ወስዳዋለች እኮ። ቡታጅራ ገብታለች።"

ደለሉ ጉልበቴን አልፏል። ቡታጅራ ሄዶ እስኪመለስ አልጠብቅም፤ የተቆረጠውን የቁልፍ ማዘዣ መልሶ የሚቀጥል ሰውም ከኔ በቀር የለም።

"ስሚኝ። አዲሱን ቻርጀር ማድከም አለብን። አራት አፍ አለው አይደል? አንዱ ሳጥኑን ነው የያዘው። ሌሎቹ ላይ ስልክ ሰኩበት። ስልኮቹ ይብሉት።"

ወደ ላይ ተነገረ። ሙስተፋ "ምንድነው የሚለው? ታች ሆኖ ስልክ ቻርጅ ይደረግልኝ ነው የሚለው?" ሲል ሰማሁ። ቢሆንም ሰኩ። ሰማን ጄኔሬተሩን አስነሳ። ካቦውን ከክንዴና ከአንገቴ እየገፋሁ አወጣሁ፣ ምክንያቱም ወደ ላይ ሲሄድ አንገቴን ይዞ ከሄደ ጭንቅላቴ ብቻ ነው አረፋ የሚያከብረው። ጎማውን ብብቴ ሥር አስገባሁ።

"ላይ በይው።"

ዊንቹ ጓ አለ። ካቦው ግን ወደ ላይ አልሄደም። ተጨማሪ ካቦ መጥቶ ፊቴ ላይ ወደቀ። 'ላይ' ብሎ የተላከው መንገድ ላይ አንድ ሁለት 'አዎ' ጥሎ፣ ቦርዱ ጋ 'ታች' ሆኖ ደርሷል። ጮህኩ፣ ሰማን አጠፋው። ሱሪዬ ውስጥ የሞቀ ነገር ተሰማኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለናንተ ብቻ ነው።

"ጠይባ፣ ምን ዓይነት ስልክ ነው የሰካችሁት?"

"የሙስተፋን ሁለተኛ ስልክና የአጎቶቼን።"

"ባትሪያቸው ስንት ነው?"

ጠየቀች። "ሙሉ ነው ይላሉ።"

"ሙሉ የሆነ ስልክ ምን ይበላል? ልክ አሁን ግቢው ውስጥ እንዳሉት እንግዶች ነው። የራበው ስልክ ነው የምፈልገው። የሞተ ስልክ። የሞተ ፓወር ባንክ ካለ ደግሞ ዱዓ አድርጉለትና አምጡት።"

ላይ ፍለጋ ተጀመረ። እኔ ታች እጠብቃለሁ። እጄ ካቦው ላይ መዘጋት አቅቶት ነበር፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት ሆነውብኛል። ግድግዳው ላይ ትንንሽ ጠጠር ይንሸራተታል፤ ጭር ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ጭር። ጋሽ ሰይዶ እንደሰው በቀስታ ማውራት ስለማይችሉ ከሩቅ ቁርአን ሲቀሩልኝ ሁሉን ሰማሁ። እኔም በበኩሌ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ጠርቼ ጨርሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

"ተገኘ" አለች ጠይባ። "ሁለት የሞተ ስልክ፣ አንድ የሞተ ፓወር ባንክ። ሙስተፋ ቻርጀሩ ጋለ፣ ሊቀልጥ ነው ይላል።"

"ይጋል። እንደ ዳቦ ይጋል። አስነሱት።"

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ካቦው ተንቀሳቀሰ፣ ውሃው ውስጥ እንደ ዓሣ ተወራጨ፣ ልቅ የነበረው ሁሉ እየተሰበሰበ ወደ ላይ ሄደ። ብብቴ ሥር ጎማው ጠበቀ። ደለሉ እግሬን አልለቅም አለ፤ ለሁለት የምሰነጠቅ መሰለኝ። ከዛ ጭልጥ ብሎ ለቀቀኝ፣ ሁለቱም ጫማዬ ቀሩ።

ወጣሁ፣ እየወጣሁ ነው። ግን ደስታው ግማሽ ሳይሆን ሌላ ፍርሃት መጣ። መውጣቱን ሰማ፤ መቆሙንስ ይሰማል? ላይ ስደርስ ካልቆመ ዊንቹ ጎማውን ጎትቶ ከግንዱ ጋር ያጣብቀዋል። በጎማውና በግንዱ መሃል ያለው ደግሞ የኔ ጭንቅላት ነው። የዊንቹ የራሱ ማቆሚያ ገና ሲገዙት የተሰበረ ነበር።

ሰሀኑ ምጣድ ሆነ። የጠይባ ፊት ታየኝ፣ አፍንጫዋ ላይ አፈር አለ። እጇን አነሳች፣ ሻሿን አውለበለበች።

ልክ በዚህ ሰዓት ስልክ ጠራ።

ይሄ የሆነው ዕድለ ቢስ ስለሆንኩ አይደለም። የሞተ ስልክ ሲበላ ይነሳል፣ ሲነሳ ይጠራል። አጎትዬው ከአዲስ አበባ ነው የሚደወልልኝ ብለው ስልካቸውን ከቻርጀሩ ነቅለው "ሄሎ፣ ኢድ ሙባረክ" አሉ። የሚበላው ሲቀንስ ቻርጀሩ መልሶ ቦርዱን አጠገበው። ይሄን በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ የሰማሁት የሙስተፋን ጩኸት ነው፤ "ቁም ብዬዋለሁ፣ አይሰማም፣ አይሰማም" የሚል።

ጎማው አልቆመም። ግንዱ መጣብኝ። የልጣጩን ስንጥቅ ሁሉ አየሁት። ጎማውን ለቀቅኩና ሁለት እጄን ግንዱ ላይ ወረወርኩ። ደረቴ ግንዱን መታው፣ ትንፋሼ ጠፋ፣ እግሬ ባዶው ላይ ተወዛወዘ። ጎማው ከጎኔ አልፎ ግንዱ ሥር ተጣበቀ፣ ካቦው እንደ ክራር ጅማት ጮኸ።

ከዛ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሰማን ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ፣ ስልኩንም ሻሹንም ሳያይ፣ የጉድጓዱን አፍ ብቻ እያየ ነበር የተቀመጠው። የኔን ፀጉር ሲያይ አጠፋው።

ጠይባ ኮሌታዬን ይዛ ግንዱ ላይ ጎተተችኝ። ሁለታችንም በሆዳችን እየተሳብን ጠንካራው መሬት ላይ ደረስን። ከዛ በኋላም መሳቤን አላቆምኩም፣ አቮካዶው ሥር እስክደርስ።

"ደንግጧል፣ ውሃ ስጡት" አለ አንዱ።

"ውሃ?" አልኩ። "ሌላ ነገር የላችሁም?"

ሰው ሳቀ። ጋሽ ሰይዶ ጋቢያቸውን አለበሱኝ። ወተት በብርጭቆ መጣ፣ ልይዘው ስል ግማሹ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆውን እሳቸው ያዙልኝ፣ እንደ ሕፃን አጠጡኝ። ጮክ ብለው ሳያወሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሙስተፋ ቻርጀሩን ነቅሎ አፍጥጦ ያየዋል። "ኦርጅናል ነው እኮ" ይላል።

"ጥፋቱም እሱ ነው" አልኩት። "እኔም ነኝ። ያለ አስተርጓሚ ነው ያገናኘኋቸው።"

"በቃ ጉድጓዱ ይቅር" አሉ ጋሽ ሰይዶ።

ሰማን ሸሚዙን እያወለቀ ነበር። "ችግኙስ? ነገ ደርቆ ያድራል። ቁልፍ የሚጫንበት የድሮው ማዘዣ አለ አይደል? ምንቴ ሽቦውን ያስረዝምልኝና ጋሼ የጠይባን ሻሽ እያዩ ከሩቅ ይጫኑ። ቁልፍ ሲለቁት ይቆማል።"

የተቆረጠውን ማዘዣ ከፌስታሌ አወጣሁ። ሽቦ መላጥ ተኝቼም የምሰራው ነው፣ ያን ቀን ግን ቢላውን መያዝ አቃተኝ። ጠይባ በጥርሷ ላጠችልኝ፣ እኔ ወደ ዊንቹ ከሚሄደው ረጅም ገመድ ጋር ጠመዘዝኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ ደግሜ ጎተትኩት፣ ደግሜ ጠቀለልኩት። ባዶውን ጎማ አወረድን፣ አቆምን፣ አወጣን፣ አቆምን። ሰው ሰለቸው። እኔ አልሰለቸኝም፤ "አንዴ ብቻ ጋሽ ሰይዶ፣ አንዴ ብቻ" እያልኩ አስደጋገምኳቸው።

"ሥጋው ቀዘቀዘ እኮ" አለ ሰማን። ጎማው ላይ ተቀመጠና ወረደ።

እኔ ማየት አልቻልኩም። እንሰቶቹ ውስጥ ገባሁና ቅጠሉን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ዊንቹ ያንጎራጉራል። እያንጎራጎረ በሄደ ቁጥር ውሃው የኔ ደረት ላይ ይወጣል። ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ተክዬ ጠበቅኩ። ከመሬት በታች፣ ከሩቅ፣ የሰማን ድምፅ መጣ።

"ቁም።"

ቆመ።